የቁልፍ ቀዳዳ

ሳጥኑ የጫማ ነው። ክዳኑ በሲባጎ ታስሯል፤
ቋጠሮው በልብስ ሰፊ እጅ እንዳይፈታ ጠብቋል።
በመቀስ ልቆርጠው ብዬ፣ እጄ እምቢ አለኝ፤
ሩብ ሰዓት በጥፍሬ ታገልኩት፣ ኋላ ተፈታልኝ።

ሥራዬ ይኸው ነው፤ በሮቸስተር ከተማ፣ ከምድር ቤት ጓዳ፣
የሞተ ሰው ወረቀት መለየት፣ ደብዳቤውን ከዕዳ።
ብዕር እዚህ ክልክል ነው፤ በእርሳስ ብቻ ይጻፋል፤
ቀለም አንዴ ከፈሰሰ፣ ማን መልሶ ይለቅመዋል?

ስሙን በየፖስታው ላይ አራት ዓይነት ሆኖ አገኘሁት፦
ሂርሽ-ሌብ፣ ሄርሽ፣ ሃሪስ፣ ኋላም «ሚስተር ፖመር» ያሉት።
የመጣው ከፒንስክ ወዲያ፣ በፈረንጅ ሺህ ዘጠኝ መቶ ዘጠኝ፤
የዜግነት ማመልከቻው ላይ «ሙያ» የሚለው ዓይኔን ያዘኝ፦

የቁልፍ ቀዳዳ ሰፊ።

የኮት ነው፣ ያውም የወንድ ኮት፤
በቀን ስምንት መቶ ቀዳዳ፣ አጎንብሶ ከማሽኑ ፊት።
ቁልፉን የሚተክል ሌላ ነው፤ ለእሱ የደረሰው ባዶው፣
ዳር ዳሩ እንዳይተረተር በሐር ክር መጥለፍ ነው ሥራው።

አቃፊ አንድ፦ የዜግነት ወረቀት፣ ጠርዙን አይጥ የቀመሰው።
አቃፊ ሁለት፦ የጥርስ ሐኪም ሒሳብ፤
ሁለት ጥርስ ነው፣ የአንዱን ብቻ ነው የከፈለው።
አቃፊ ሦስት፦ በዪዲሽ የተጻፈ፣ የእህቱ የጽቪያ ደብዳቤ።
ቋንቋውን በቅጡ አላውቀውም፤ መዝገበ ቃላት አጠገቤ።

«ወንድሜ፣ የላክኸው ጓንት ደረሰኝ። ሁለቱም የግራ እጅ ናቸው፤
እዚያ አገር ሰዉ ሁሉ ግራኝ ነው? ወይስ ስትገዛ አላየሃቸው?
መርከቡ ያስመልሳል ይላሉ። ሎሚ ልያዝ ወይ? ምን ይሻላል?
ፈርቼ እንዳይመስልህ ደግሞ። ሎሚ እኮ እዚህ ተወዷል።»

ከደብዳቤው ሥር ደብተር፤ የመርከብ ትኬት በየወሩ
በዱቤ የተገዛበት፣ ማኅተሙ አለ ከነቁጥሩ፣
ሁለት ሁለት ዶላር። ትኬቱም እዚያው አለ፣ እንደተጣጠፈ፤
«አንዲት ሴት፣ ሦስተኛ ማዕረግ» የሚል ከላዩ የተጻፈ።
መነሻው ኦገስት ሃያ፣ ዓመቱ አሥራ አራት።
በዚያው ወር ጦርነት ሆነ። ድንበሩ ተቆለፈባት።

ስምንት መቶ ቀዳዳ በቀን የሚከፍት ሰው፣
እህቱን የምታሳልፍ አንዲት ቀዳዳ ቸገረው።

ማኅተሙን ስቆጥር ግን ሒሳቡ አልገጥም አለኝ፤
ከኦገስት ወዲያም ይከፍላል። ተሳስቼ ይሆን? አልኩኝ።
ደገምኩት። ሴፕቴምበር ሁለት ዶላር። ኦክቶበር ሁለት ዶላር።
እስከ ሺህ ዘጠኝ መቶ አሥራ ስድስት፣ ላልወሰዳት መርከብ ብድር።

የመጨረሻው አቃፊ ደረሰኝ ነው፣ ከምኩራቡ ጽሕፈት ቤት፤
የመቀመጫ ኪራይ፣ ለእሱ ከታች፣
ለሚስቱ ለፍሬይዴል ከላይ፣ ከሴቶች ሰገነት።
ከዚያ ደግሞ ሌላ፣ በየዓመቱ፣ ሠላሳ ሰባት ደረሰኝ፦
«ወንበር አሥራ ሰባት፣ የሴቶች።» ስም የለውም። ገረመኝ።

ለልጅ ልጁ ለሎይስ ደወልኩ፤ ሰማንያ ሰባት ዓመቷ ነው።
«ያንን ወንበር?» አለችኝ። ሳቀች። «ኮታችንን ነበር የምንጥለው፣
አያቴ ፍሬይዴል ካላየች። ካየች ወዮልን፤ 'የሰው ነው!' ትላለች።
የማን ነው ስንላት ደግሞ፣ 'መንገድ ላይ ናት፣ ትመጣለች።'»

ዝም አለች። ስልኩ ውስጥ ማንቆርቆሪያ ሲጮኽ ይሰማኛል።
«ከሁለተኛው ጦርነት በኋላ 'መንገድ ላይ ናት' ማለት ቀርቷል።
ማን እንደነገራቸው አላውቅም። ማንም በፊታችን አላለቀሰም።
ኪራዩን ግን፣» አለች፣ «ሰውዬው እስኪሞት አላቋረጠም።»

መሽቷል። ቅጹን መሙላት አለብኝ፣ ነገ ሌላ ሳጥን ይመጣል።
ሲባጎው ይጣል ይላል ደንቡ፤ ወረቀት ያበላሻል።
እስካሁን አልጣልኩትም።
እርሳሴን ቀርጬ ጻፍኩ፣
በተሰጠኝ ጠባብ መስመር ላይ፦

የመርከብ ትኬት፣ አንድ።
ሁኔታው፦ ያልተቀደደ።